ባለሙያ ሳልሆን ማንን ልስማ? ስለ አየር ንብረት ሳይንስ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ በ2027 ኮፕ 32 የተባለውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ከተመረጠች ወዲህ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች መልካቸው ተቀይሯል። ድሮ የሚበዛው «እውነት የአየር ንብረት እየተለወጠ ነው?» የሚለው ነበር። አሁን «እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ታዲያ ማንን ልስማ? እውነቱን በምን ልለየው?» የሚሉት በዝተዋል። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምኖር የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ይጠይቁኛል። እኔ የማውቀው ግን ከዜና የሰማሁትን ያህል ነው። ትልቁን የሳይንቲስቶች ሪፖርት ከፍቼ ነበር፤ ገጹ በሺዎች የሚቆጠር ሆኖ ሳገኘው ተስፋ ቆርጬ ዘጋሁት። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ከሪፖርቱ አይጀምሩ። ከመሠረቱ ይጀምሩ። መሠረቱ እንደሚያስቡት ከባድ አይደለም፤ አዲስም አይደለም።

በ1856 ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት የመስታወት ቱቦዎች ወሰደች። አንዱን በተራ አየር፣ ሌላውን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልታ፣ ቴርሞሜትር አስገብታባቸው ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌላው በጣም በልጦ ሞቀ፤ ከፀሐይ ሲነሳም ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከባቢ አየራችን በዚህ ጋዝ ቢሞላ ምድር ትሞቅ ነበር ብላ ያኔውኑ ጻፈች። ፉት በሳይንስ ሥራ የተቀጠረች ሰው አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል ጋዞች ሙቀትን እንዴት እንደሚይዙ በቤተ ሙከራ መለካት ጀመረ። በ1896 ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አሰላ፤ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ገደማ አገኘ። የዛሬዎቹ ሳይንቲስቶች መልስ ከእሱ ዝቅ ይላል፤ ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ሆኖ 3 ዲግሪን የተሻለ ግምት ያደርጋሉ። ይህንን ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው፤ ብዙ ሰው ይህ ሳይንስ ትናንት በኮምፒውተር የተፈጠረ ይመስለዋልና።

ቀጥሎ ልኬቱ አለ። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ በተባለ ተራራ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መለካት ጀመረ። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ፋብሪካ በዓለም ላይ ከመስፋፋቱ በፊት 280 ገደማ ነበር። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታፍኖ የቆየውን ጥንታዊ አየር አውጥተው የለኩት ደግሞ ባለፉት 800,000 ዓመታት ቁጥሩ ከ300 ገደማ በላይ ወጥቶ እንደማያውቅ አሳይተዋል።

ጭማሪው የሰው ሥራ መሆኑ በምን ታወቀ? ይሄም የሚለካ ነገር ነው። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ምድር ውስጥ ሚሊዮን ዓመታት ስለቆዩ ራዲዮካርቦን የሚባለው የካርቦን ዓይነት አልቆባቸዋል። እነሱ ሲቃጠሉ ታዲያ በአየሩ ውስጥ ያለው የራዲዮካርቦን ድርሻ ይቀንሳል። ሳይንቲስቶች ይህንኑ ምልክት አይተዋል። የካርቦኑ ምንጭ አሻራውን ትቶ ነው የሚሄደው።

እስከዚህ ያለውን ከተረዱ፣ መምህር፣ ዋናውን ጉዳይ ይዘዋል። አሁን ወደ ሪፖርቱ ይመለሱ። አይፒሲሲ የሚባለው የመንግሥታት የጋራ ቡድን በ1988 በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅትና በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ነው የተቋቋመው። ራሱ ምርምር አያደርግም፤ በየአገሩ የታተሙትን ጥናቶች ሰብስቦ ይመዝናል። በ2021 የወጣውን ክፍል 234 ሳይንቲስቶች ጻፉት፤ ከ14,000 በላይ ጥናቶችን ጠቀሱ፤ በረቂቁ ላይ ከ78,000 በላይ አስተያየት ቀረበላቸው። ማጠቃለያው ደግሞ መስመር በመስመር እየተነበበ በመንግሥታት ተወካዮች ይጸድቃል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነዳጅ ሸጣ የምትኖረው ሳዑዲ ዐረቢያም አለች፣ ባሕር ሊውጣቸው የተቃረበ የደሴት አገሮችም አሉ። ሁሉም የተስማሙበት ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ተፈትኖ እንደወጣ ያስቡት። ያ ማጠቃለያ ሰዎች ከባቢ አየሩን፣ ውቅያኖሱንና የብሱን እንዳሞቁ «የማያጠራጥር» ነው ይላል።

ሙሉውን ማንበብ የለብዎትም፤ ብዙ ሳይንቲስቶችም ከራሳቸው መስክ ውጭ ያለውን ምዕራፍ አያነቡትም። በየምዕራፉ መጨረሻ በተደጋጋሚ ለሚነሱ ጥያቄዎች አጫጭር መልሶች አሉ፤ በቀላል እንግሊዝኛና በሥዕል የተዘጋጁ ስለሆኑ ለክፍል ይመቻሉ። የ2021ዱ ክፍል ሁሉም ሰው እንዲረዳው የተዘጋጀ አጭር ማጠቃለያም አለው። ሲያነቡ ከየዓረፍተ ነገሩ ጎን ያለውን የእርግጠኝነት ደረጃ አይዝለሉት። አንዱ ጋ «ከፍተኛ መተማመን» ይላል፣ ሌላው ጋ «ዝቅተኛ መተማመን»። አንዳንዶቹ በቁጥር የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ ደረጃ ነገሩ ከ100 ቢያንስ 66 ዕድል አለው ማለት ነው፣ ከሱ ጠንከር የሚለው ደግሞ ቢያንስ 90።

ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው ያለው። «ሳይንስ ይላል» ብሎ ነገር የለም፤ ሳይንስ አንዱን ነገር በሙሉ እርግጠኝነት ይናገራል፣ ሌላውን በግማሽ ልብ፣ ሌላውን ገና እየፈለገ ነው። ምድር መሞቋና ምክንያቱ የተዘጋ ጉዳይ ነው። ስንት ዲግሪ ትሞቃለች የሚለው ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል አለው። የአንድ ወረዳ ዝናብ በ2060 ምን ይሆናል የሚለው በብዙ ቦታ ገና ክፍት ነው። ሦስቱን በአንድ ድምፅ የሚያወራ ሰው፣ ደጋፊም ይሁን ተቃዋሚ፣ ሊጠረጠር ይገባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲው ኤድ ሃውኪንስ በ2018 ያወጣው የሙቀት ሰንበር የሚባል ሥዕል አለ። እያንዳንዱ ዓመት አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ ከአማካይ በታች የቀዘቀዘው ሰማያዊ፣ የሞቀው ቀይ። ቁጥር የለውም። የኢትዮጵያም አለ። አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉትና ልጆቹ ምን እንዳዩ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የነገን ዝናብ በትክክል መናገር ያቃታቸው ሰዎች የ2100ን እንዴት ያውቃሉ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ነው። በመጪው ዓመት ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት ባሕር ዳር ይዘንባል ወይ ብትለኝ ማንም አያውቅም። ነሐሴ ከጥር ይበልጥ ይዘንባል ወይ ብትለኝ ግን ሕፃን ልጅም ይመልስልሃል። የቀኑን የሚወስነው ደመናው በዚያች ሰዓት የት ነው የሚለው ነው፤ የወቅቱን የሚወስነው ፀሐይና ነፋስ ናቸው። የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ እሱን የሚገፋው ደግሞ ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውና መልሳ የምትለቀው ሙቀት ሚዛን ነው።

ደግሞም ትንበያዎቹ ተፈትነዋል። ዚክ ሃውስፋዘርና ባልደረቦቹ ከ1970 እስከ 2007 የታተሙ 17 የሙቀት ትንበያዎችን ወስደው ከእውነተኛው ልኬት ጋር አስተያዩአቸው። በአየር ውስጥ የገባው ጋዝ ትንበያው ካሰበው መለየቱ ከግምት ሲገባ 14ቱ ከታየው ጋር ተጣጥመዋል። ትንበያን እንዲህ ነው መመዘን፤ ቀድሞ ምን አለ፣ በኋላ ምን ሆነ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። በ2024 ያ ጉድ የሆነ ጎርፍ ሲመጣ ሁሉም ሰው «ደመና ስለዘሩ ነው» አለ። እኔም ለቤተሰብ እንደዚያው ብዬ ላክሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ወሬ ከጎርፉ ፈጥኖ ነው የተዳረሰው፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ደመና ማበልጸግ እንደምትሠራ እውነት ነው፤ ወሬው የታመነውም ለዚህ ነው። ግን እስቲ አብረን እንየው።

በኤፕሪል 16 ቀን 2024 አል ዓይን አካባቢ ባለ አንድ ጣቢያ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ዘነበ። አገሪቱ መመዝገብ ከጀመረችበት ከ1949 ወዲህ ትልቁ ነው። ያው የአየር ሥርዓት ቀደም ብሎ ኦማንን መትቶ ነበር፤ እዚያ ከ15 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ደመና ማበልጸግ ማለት ቀድሞ ባለ ደመና ውስጥ ጨው ነገር በትኖ ትንሽ ተጨማሪ ጠብታ ማግኘት ነው። ደመና አይፈጥርም፤ አገር የሚያጥለቀልቅ ማዕበልም አይፈጥርም። ማዕበሉ ደግሞ ከቀናት በፊት በትንበያ ታይቷል። የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ማዕከልም በዝናቡ ጊዜ የማበልጸጊያ በረራ አላደረግሁም ብሏል።

ታዲያ የአየር ንብረት ለውጥ ነው? ዎርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን አጥንቶታል። በኤል ኒኞ ዓመታት፣ ማለትም በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወገብ ላይ ያለው ውሃ ከወትሮው በሚሞቅባቸው ዓመታት፣ በዚያ አካባቢ የሚጥለው ከባድ ዝናብ ከድሮው ከ10 እስከ 40 በመቶ መጨመሩን አገኘ፤ ዋናው ምክንያትም የምድር መሞቅ ሳይሆን አይቀርም አለ። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ውሃ መሸከም ስለሚችል ነገሩ ከፊዚክሱ ጋር ይሄዳል። መልሱን ልብ በይው፤ ከ10 እስከ 40 ነው ያሉት፣ ሳይሆን አይቀርም ነው ያሉት። የወሬው መልስ ግን አንድ ቃል ነበር፤ ምንም ጥርጣሬ አልነበረበትም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ከማስተላለፍሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ይሄ ምክንያት እውነት ቢሆን ሌላ ምን መታየት ነበረበት? ደመና ማበልጸግ ቢሆን ኖሮ ኦማንን ማን አጥለቀለቃት?

ጥያቄ፦ ጅማ ነው ያለሁት፣ ቤተሰቤ ቡና ገበሬ ነው። ፌስቡክ ላይ «የኢትዮጵያ ቡና በ2080 ይጠፋል» የሚል አየሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ «ግማሹ ይጠፋል» ይላል። ሌላው ጭራሽ «ቡና በአራት እጥፍ ይጨምራል» ይላል። የትኛውን ልመን? እርሻውን መቀየር አለብን?

መልስ፦ ሦስቱም ከእውነተኛ ጥናት ነው የመጡት፤ ሦስቱም ግማሽ መንገድ ላይ ተቆርጠዋል። ይህንን ጥያቄ በጣም ነው የወደድሁት፤ ምክንያቱም ዜና እንዴት ከጥናት እንደሚለይ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

የ2080ው በ2012 ከታተመ ጥናት ነው። በለንደን ኪው የተባለው የዕፅዋት ምርምር ተቋም ሰዎችና የእኛው ዶ/ር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ናቸው የሠሩት። ጥያቄያቸው ስለ ዱር ቡና ነበር፤ በጫካ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅለው የአረቢካ ቡና ዛሬ ያለበት ቦታ በአየር ንብረት ረገድ እስከ መቼ ይስማማዋል የሚል። መልሱ ቢያንስ 65 በመቶው፣ በከፋው ግምት ደግሞ ሁሉም ለማለት የሚያስደፍር መጠን በ2080 አይስማማውም የሚል ሆነ። በጣም አስደንጋጭ ነው፤ የዓለም አረቢካ ዝርያ ሀብት የተቀመጠው እዚያ ጫካ ውስጥ ነውና። ግን የቤተሰብህ ማሳ ላይ ስላለው ቡና አልተናገረም።

ስለ እርሻው የተናገረው በ2017 የወጣው ነው። ጀስቲን ሞት ከሌሎች የኪው ባልደረቦቹ፣ ከዶ/ር ታደሰና ከፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ጋር ሆነው ያወጡት። በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሁን ቡና ከሚመረትበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል አሉ። «ግማሹ ይጠፋል» የሚለው ርዕስ ከዚህ ነው የተቆረጠው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ምንም ካልተደረገ ማለት ነው። ያው ጥናት ቀጥሎ ቡና ወደ ከፍታ ቦታ ቢሸጋገር፣ ደን ቢጠበቅ፣ ቢተከልም፣ ለቡና የሚመች መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ ይችላል ይላል። ሦስተኛው ርዕስ ከዚህኛው መስመር ነው የወጣው።

አሁን አስበው። አንዱ ጋዜጠኛ የመጀመሪያውን መስመር አነበበ፣ ሌላው ሁለተኛውን። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግን ሁለቱም ለገበሬው የሚጠቅመውን አላመጡም። አራት እጥፍ የሚለው ካርታ ላይ ያለ የሚመች መሬት ነው። ያ መሬት ባለቤት አለው፤ ሌላ ሰብል፣ የግጦሽ መስክ ወይም ሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል። ዝቅ ብሎ ቡናው የሚጎዳበት ገበሬና ከፍ ብሎ አዲስ ዕድል የሚያገኘው ገበሬ አንድ ሰው አይደሉም። ይህ የሳይንስ ጥያቄ አይደለም፤ የፍትሕና የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ሳይንቲስቱ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም።

ስለዚህ ርዕስ ስታይ ከርዕሱ አትመለስ። ስለ ዱር ነው ወይስ ስለ እርሻ? እስከ መቼ? ምን ካልተደረገ? ቁጥሩ አንድ ነው ወይስ ክልል? ብዙዎቹ ጥናቶች አጠር ያለ ማጠቃለያ በነፃ ስለሚያስነብቡ የመጀመሪያዋን አንቀጽ ማንበብ ብቻ ብዙ ያሳይሃል። የእንግሊዝኛው ከከበደ ወረዳው ላይ ያለውን የግብርና ባለሙያ አብረን እናንብበው በለው።

እርሻችንን እንቀይር ወይ ላልከው ግን ከዚህ ሆኜ መልስ ልሰጥህ አልችልም፤ መስጠትም የለብኝም። መጀመሪያ የማሳችሁን ከፍታ በሜትር እወቅ፤ ከጎረቤት ስልክ ላይም ይገኛል። ከዚያ ጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል አለላችሁ፤ ቡና ላይ በመሥራት የታወቀ ተቋም ነው። ጥላ ዛፍ ስለመጨመር፣ ሙቀት ስለሚቋቋሙ ዝርያዎች እነሱን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አጎቴ ጠዋት ማታ በቴሌግራም ቪዲዮ ይልክልኛል። አንዱ «ፕሮፌሰር» ነገሩ የፀሐይ ነው ይላል፣ ሌላው የእሳተ ገሞራ ነው። 31,000 ሳይንቲስቶች ፈርመው ተቃውመዋል የሚልም አለ። ልከራከረው አልፈልግም፣ አሳድጎኛል። ግን ዝም ማለትም ከበደኝ።

መልስ፦ አጎትሽን ማክበርሽና እውነቱን መናገርሽ አይጋጩም። በቤተሰብ ግሩፕ ፊት አትመልሺለት፤ በሰው ፊት የተነካ ሰው አይሰማም፣ የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ይብሳሉ። ብቻውን ደውይለት። «አጎቴ፣ ይቺን ቪዲዮ አብረን እንያት እስቲ» በይው።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳተላይቶች የፀሐይን ጉልበት እየለኩ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄድ አዝማሚያ የለውም፣ ሙቀቱ ግን ጨምሯል። ሌላም ጠንካራ ማስረጃ አለ። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ አየሩ ከላይ እስከ ታች በሞቀ ነበር። የታየው ግን የታችኛው ሲሞቅ ከእሱ በላይ ያለው ስትራቶስፌር የሚባለው ንብርብር ሲቀዘቅዝ ነው። ሹኩሮ ማናቤ ከባልደረባው ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ይህ እንደሚሆን በ1967 ጽፎት ነበር። በ2021 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ እሱ ነው። እሳተ ገሞራ በዓመት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሰዎች ከምንለቀው ከ1 በመቶ በታች ነው። የኛው ኤርታሌም እዚያ ውስጥ አለ።

የ31,000ው ፊርማ የኦሬገን ፊርማ ተብሎ የሚታወቀው ነው፤ የተጀመረው በ1998። ለመፈረም የሚያስፈልገው በማንኛውም የሳይንስ ነክ መስክ አንድ ዲግሪ ነበር። መሐንዲስም የእንስሳት ሐኪምም ፈርሟል፤ በአየር ንብረት ላይ የሠሩት ጥቂት ናቸው። ሰዎቹን ማንቋሸሽ አያስፈልግም፤ የልብ ሕመም ሲይዘው አጎትሽ ወደ ጥርስ ሐኪም አይሄድም። «ፕሮፌሰሩ» የምን ፕሮፌሰር ነው የሚለውን አብራችሁ ፈልጉ። ቪዲዮው ውስጥ ሆናችሁ አትፍረዱ፤ ከቪዲዮው ውጡና ስለ ሰውዬው ሌሎች ምን እንደጻፉ እዩ። መረጃ የሚያጣሩ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አጎትሽ ሳይንቲስቶቹ ተማምለው ነው የሚል ከሆነ የሪቻርድ ሙለርን ታሪክ ንገሪው። የካሊፎርኒያ ፊዚሲስት ነው፤ የሙቀት መዝገቦቹን በይፋ ይጠራጠር ነበር። በርክሌይ ኧርዝ የተባለ ቡድን አቋቁሞ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንደገና አሰላ። ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዱ ከነዳጅ ሀብት ጋር የተያያዘው የኮክ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ነበር። ውጤቱ ግን ናሳና እንግሊዞቹ ካገኙት ጋር አንድ ሆነ፤ ሙለርም በ2012 ሐሳቡን እንደቀየረና መንስኤው የሰው ልጅ እንደሆነ በአደባባይ ጻፈ። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የኤክሶን የራሱ ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠሯቸውን ትንበያዎች መርምሮ አብዛኞቹ ትክክል ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል። ነዳጅ ሻጩ ኩባንያ ቤት ውስጥም መልሱ ያው ነበር ማለት ነው።

በአንድ ስልክ አይቀየርም፣ አትጠብቂ። አንዷን ቪዲዮ ብቻ ያዢ፤ አሥሩን በአንዴ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲን ብጠይቀው አይበቃም?

መልስ፦ ለመጀመር ይጠቅማል፤ የከበደ አንቀጽ ለማቅለልና ለመተርጎም በተለይ። ግን የሌለ ጥናት ከነደራሲው ፈጥሮ ሊሰጥ ይችላል። ቁጥር ከሰጠህ ምንጩን ጠይቀው፣ ምንጩን ራስህ ክፈተው። ካልተከፈተ ቁጥሩን አትጠቀምበት። ሥርዓት ባለው መንገድ መማር ከፈለግህ ዩኤን ሲሲ ለርን የተባለው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራም ነፃ የኦንላይን ኮርሶች አሉት።

ጥያቄ፦ ያቤሎ ነው የምኖረው፣ በጤና ኤክስቴንሽን ነው የምሠራው። አምስት ወቅት ዝናብ ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ። ከዚያ ጎርፍ መጣ። ሽማግሌዎች የፈጣሪ ቁጣ ነው ይላሉ፣ የሚመጡ ድርጅቶች የአየር ንብረት ለውጥ ነው ይላሉ፣ የዝናብ ትንበያው ደግሞ አንዳንዴ ይሳሳታል። ሰዎች ሲጠይቁኝ ምን ልበል?

መልስ፦ ያያችሁት ነገር ከባድ ነው፤ መልሱም በጥንቃቄ መሆን አለበት። ሽማግሌዎቹን አይከራከሩ። ዝናብ ለምን ቀረ የሚለውን በእምነት መረዳት አንድ ነገር ነው፤ ደመናው በምን መንገድ ቀረ የሚለው ሌላ ነው። ሳይንስ የሚመልሰው ሁለተኛውን ነው።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ላ ኒኛ የሚባለው ክስተት በተከታታይ ነበር፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወገብ ላይ ያለው ውሃ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ ማለት ነው። ይህ ሲሆን በእናንተ በኩል ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ የሚመጣው የሐገያ ዝናብ ይዳከማል። ኤል ኒኞ ሲሆን በተቃራኒው ሐገያው ይበረታል፤ የ2023ቱ ጎርፍ የመጣው በኤል ኒኞ ዓመት ነው፣ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍልም ሞቆ ነበር። የሚገርመው ያው ኤል ኒኞ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምቱን ያዳክማል፤ በ2015 10.2 ሚሊዮን ሰዎች ለምግብ እርዳታ የተዳረጉት በዚህ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ሰው «ኤል ኒኞ መጣ፣ ወዮልን» ሲል ለያቤሎ ትርጉሙ ሌላ ነው። ይህቺን ብቻ ሰው ቢይዝ ብዙ ነገር ይገባዋል።

የሰው ልጅ ድርሻስ? ዎርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን በ2023 ድርቁን መርምሮ የምድር መሞቅ እንዲህ ያለውን ድርቅ 100 ጊዜ ያህል የመከሰት ዕድሉን ከፍ አድርጎታል አለ። ምክንያቱ ግን ሰው እንደሚያስበው ዝናቡ መቅረቱ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ከአፈርና ከተክል ውሃውን ይመጥጠዋል። ያው የዝናብ እጥረት ባልሞቀ ዓለም ውስጥ ቢሆን ድርቅ እስከመባል አይደርስም ነበር ነው ያሉት። ሐገያውን በተመለከተ ደግሞ የምድር መሞቅ ዝናቡን እንደውም ወደ መጨመር ነው የሚገፋው፤ በእነዚያ ዓመታት ላ ኒኛ ሸፈነው።

ያልተፈታም አለ፤ ይህንንም ለሰው ቢናገሩ ይታመናሉ እንጂ አይናቁም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናባችሁ ባለፉት አሠርት ዓመታት ቀንሶ ታይቷል፤ የኮምፒውተር ሞዴሎቹ ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ሳይንቲስቶች የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ይሉታል፤ አሁንም እየተከራከሩበት ነው። «ቦረና ከእንግዲህ ዝናብ አያይም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሳይንሱ እንዲህ አላለም ይበሉት።

የትንበያው ጉዳይ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ኢክፓክ የወቅት ትንበያ ሲያወጡ «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይሉም። ዕድሉን ለሦስት ይከፍሉታል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም የማይታወቅ ቢሆን ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ይደርሰዋል። «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» ከተባለ ድርቅ ነው ማለት አይደለም፤ ከወትሮው የበለጠ ዕድል አለው ማለት ነው፣ ግን አለመሆኑ አሁንም 55 በመቶ ነው። ሬዲዮው ወይም ካድሬው ይህንን አሳጥሮ «ዘንድሮ ዝናብ የለም» ሲል ትንበያው ሳይሆን ማሳጠሩ ነው የተሳሳተው። እርግጥ ትንበያው ራሱም ይስታል። አንዱ ምክንያት የመለኪያ ጣቢያዎቻችን በብዛት ከተማና ዋና መንገድ ዳር መሆናቸው ነው፤ አርብቶ አደሩ ያለበት ሰፊ መሬት ብዙ አይለካም። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢትዮጵያዊው ዶ/ር ቱፋ ድንቁ ኢናክትስ በሚባለው ሥራ የጣቢያዎቹን መዝገብ ከሳተላይት ልኬት ጋር በማዋሐድ ያንን ክፍተት ለመሙላት ሲደክም ቆይቷል፤ ሥራውም መጀመሪያ የተሞከረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

የሐገያ ትንበያ የሚወጣው በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ የመጋቢት–ግንቦቱ በጥርና በየካቲት መካከል። ሲወጣ ቁጥሩን እንጂ ርዕሱን አይውሰዱ። ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ያቤሎ ላይ «መደበኛ» የሚባለው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጠይቁና ለሰዎቹ ሲያስረዱ አብረው ይንገሯቸው።